«ሆኖ ማየት» ሲባል የሚያየው ማን ነው?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ከ20 ዓመት በፊት ሲዳማ ውስጥ የጀመሩትን የቡና ሥራ ከተረከብኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። አንድ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ አለን፤ አዲስ አበባ ደግሞ ትንሽ ቢሮ። ቋሚ ሠራተኞቻችን 38 ናቸው። ቡና ሲደርስ ጊዜያዊ ሠራተኞች ተጨምረው ከ200 እናልፋለን። ባለፈው ዓመት አማካሪ ቀጥሬ የአምስት ዓመት ራዕይ አዘጋጀን። ‹በ2022 ዓ.ም. በአፍሪካ ተመራጭና ተወዳዳሪ የስፔሻሊቲ ቡና አቅራቢ ድርጅት ሆኖ ማየት› ይላል። ሐዋሳ አዳራሽ ተከራይቼ፣ ሠራተኛውን ሰብስቤ፣ 40 ደቂቃ በፓወርፖይንት አስረዳሁ። ባነር አሠራሁ፣ ቲሸርት አሳተምኩ። ሁሉም አጨበጨበ፤ ‹ገብቶናል› አለ። ከሦስት ወር በኋላ የመጋዘን ሠራተኛችንን ‹ራዕያችን ምንድን ነው?› ብዬ ስጠይቀው ‹ያው ቡና መላክ ነው› አለኝ። ሌሎቹም ከዚያ ብዙ አልራቁም። አባቴ ‹ተይው፣ ሠራተኛ ደመወዙን ነው የሚያየው› ይሉኛል። እኔ ግን አላምንበትም። ንግግር አይሆንልኝም መሰለኝ። የንግግር ሥልጠና ልውሰድ? ወይስ የጎደለኝ ሌላ ነገር አለ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ጋሼ ስላልሽኝ እኔም አንቺ እያልኩ ልመልስልሽ። የንግግር ሥልጠናውን ለጊዜው ተይው። አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ቆሞ 40 ደቂቃ ማስረዳት የቻለ ሰው ንግግር ይሆንለታል። ያስቸገረሽ ሌላ ነው። የመጋዘን ሠራተኛሽ ደግሞ ትልቅ ውለታ ነው የዋለልሽ። የሚያየውን በግልጽ ነገረሽ። ስንት አለቃ አለ፣ እንዲህ ያለ ቀጥተኛ መልስ አንድ ቀን እንኳ ሳይሰማ ጡረታ የሚወጣ!

ከዓረፍተ ነገርሽ ልጀምር። መጨረሻው «ሆኖ ማየት» ይላል። ቀበሌ ሂጂ፣ ባንክ ሂጂ፣ ሆስፒታል ሂጂ፤ በሩ አጠገብ ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴቶች ተብሎ ተሰቅሏል። ራዕዩ ብዙ ጊዜ በዚሁ ቃል ነው የሚዘጋው። ስለለመድነው አንጠይቀውም። እስቲ አሁን ጠይቂው። የሚሆነው ማን ነው? ድርጅቱ። የሚያየውስ? አንቺ፣ ምናልባት አባትሽ። ማድረቂያ አልጋ ላይ ቡና የምታገላብጠዋ ሴት የት አለች? እሸት የሚመዝነው ልጅስ? ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ቦታ የላቸውም። ስለዚህ ሲሰሙት የሌላ ሰው ምኞት ሆኖ ነው የሚሰማቸው። የሌላ ሰው ምኞት ደግሞ ያጨበጭቡለታል እንጂ አያስታውሱትም። እንደ ሰው ሠርግ በይው። ደስ ይላል፤ ማታ ወደ ቤት ይገባል፤ በነጋታው ሥራ ነው።

ሁለተኛው ችግር አንቺ ውስጥ ነው ያለው፤ ጥፋት ግን አይደለም። በ1990 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኤልዛቤት ኒውተን የተባለች የዶክትሬት ተማሪ አንድ ሙከራ ሠራች። ሰዎችን ለሁለት ከፈለቻቸው። አንደኛው ወገን ሁሉም የሚያውቀውን ዘፈን በጣቱ ጠረጴዛ ላይ ይመታል። ሌላው ወገን ምቱን ብቻ ሰምቶ የትኛው ዘፈን እንደሆነ ይገምታል። 120 ዘፈኖች ተመቱ። የታወቁት 3 ብቻ ናቸው። ከመጀመራቸው በፊት ግን መቺዎቹ «ስንቱ ይታወቃል?» ተብለው ሲጠየቁ ግማሹ ይታወቃል ነበር ያሉት። ምክንያቱ ቀላል ነው። የሚመታው ሰው ጭንቅላቱ ውስጥ ዘፈኑ ከነዜማው፣ ከነግጥሙ እየተጫወተ ነው። የሚሰማው ሰው ጆሮ የሚደርሰው ኳኳታ ነው።

አንቺ ይህን ራዕይ ብዙ ጊዜ አብረሽው ኖረሻል። ገዢዎች አናግረሻል፣ ከአማካሪው ጋር አምሽተሽ ተከራክረሻል፣ ሌሊት እያሰብሽው እንቅልፍ አጥተሻል። «ስፔሻሊቲ» ስትይ ቡናው ሲቆላ ያለው ሽታ ሁሉ ይመጣልሻል። እነሱ የሰሙት 40 ደቂቃ ኳኳታ ነው። እኛ አገር በሰምና ወርቅ ያደገ ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል። አንቺ ወርቁን ይዘሻል፤ እነሱ ጋ የደረሰው ሰሙ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? ከሩቅ አገር ምሳሌ ከማመጣ እዚሁ ያለውን ልንገርሽ። በመስከረም 1888 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ያስነገሩትን የክተት አዋጅ ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ብዙዎቻችን እንደ ጀግንነት ታሪክ ብቻ ነው የምናነበው። እኔ በሥራዬ ምክንያት እንደ መልእክት አነበዋለሁ፤ በየዓመቱ ለሠልጣኞቼም አስነብበዋለሁ። አንድ መሪ ሰፊ ሕዝብን ለአንድ ዓላማ የጠራበት፣ ነጋሪት እየተመታ በቃል የተሠራጨ ጽሑፍ ነው። ርዝመቱ አንድ ገጽ አይሞላም።

ውስጡ ያለውን ተመልከቺ። መጀመሪያ ለምን አሁን እንደሆነ ይናገራል። ጠላት ባሕር ተሻግሮ መጥቷል፤ እንደ ፍልፈል መሬት እየቆፈረ ገብቷል ይላል። ቀጥሎ አንድ ነገር ያደርጋል፤ እኔን ሁሌም የሚያስገርመኝ እሱ ነው። እስካሁን ዝም ያሉት የከብቱን ማለቅና የሰዉን መድከም አይተው እንደሆነ ይናገራሉ። ያ ሕዝብ ክፉ ቀን ከሚባለው ረሃብ ገና መውጣቱ ነበር። ከብቱ በበሽታ አልቆበት፣ ሰዉም አልቆበት ነበር። ንጉሡ ይህን አልዘለሉትም። ድካማችሁን አይቻለሁ ብለው ነው ወደ ጥያቄያቸው የሄዱት። ከዚያ ለእያንዳንዱ ድርሻውን ይሰጣሉ። ጉልበት ያለው በጉልበቱ፣ ጉልበት የሌለው ደግሞ ስለ ልጁ፣ ስለ ሚስቱና ስለ ሃይማኖቱ ብሎ በሐዘኑ ይርዳ ይላሉ። አሮጊቷም፣ ሕመምተኛውም ሥራ አላቸው ማለት ነው። ከአዋጁ ውጭ የቀረ ሰው የለም። መጨረሻ ላይ ቦታና ቀን አለ። የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ከትቶ ይጠብቃል።

አንድ የመንዝ ገበሬ ይህን ገበያ ላይ ሰምቶ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ «ምን ተባለ?» ብትለው መመለስ ይችላል። ለምን እንደሚሄድ፣ የት እንደሚሄድ፣ መቼ መድረስ እንዳለበት ያውቃል። ለእናቱ የቀረላትን ሥራም ያውቃል። ያንቺ መጋዘን ሠራተኛ ከሐዋሳ ሲመለስ ሚስቱ «ምን ተባለ?» ብላው ቢሆን ምን ይላት ነበር? «ቲሸርት ሰጡን»።

አዋጁ ማስፈራሪያም አለበት። ወስልቶ የቀረውን አልምረውም ይላል፣ አማላጅም የለህም ይላል። እሱን አትውሰጂ። ዘመኑም ሥልጣኑም ሌላ ነው። አንቺ የምትወስጂው አራቱን ነው፤ ለምን አሁን፣ ድካማችሁን አውቃለሁ፣ ያንተ ድርሻ ይህ ነው፣ ቀኑና ቦታው እዚህ ነው።

አሁን ወደ ቡናሽ እንምጣ። ስፔሻሊቲ ማለት ቀማሾች ከ100 ነጥብ 80ና ከዚያ በላይ የሰጡት ቡና ነው። ከ350 ግራም ጥሬ ቡና ናሙና ውስጥ ዋና ከሚባሉት እንከኖች አንድም መገኘት የለበትም። ይህን ገዢሽ ያውቃል፣ አንቺ ታውቂያለሽ፣ የጥራት ባለሙያሽ ያውቃል። ለቀረው ሠራተኛ ስፔሻሊቲ ቲሸርቱ ላይ ያለ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ጣቢያው ላይ ከበር እስከ መጋዘን በእግርሽ ሂጂ። ቃሉን በየደረሽበት ቦታ ወደሚዳሰስ ነገር ለውጪው።

በሩ ላይ እሸት ተቀባዩ አለ። ገበሬው አመሻሽ ላይ ደክሞት ይደርሳል። ከረጢቱ ውስጥ ቀይ አለ፣ አረንጓዴ አለ፣ ከልክ በላይ በስሎ የጠቆረም አለ። ተቀባዩ በደቂቃ ውስጥ መወሰን አለበት። እሱ አንዴ ከተቀበለ በኋላ የሚመጣ መሣሪያም ሆነ ባለሙያ ያልበሰለውን ፍሬ ሊያበስለው አይችልም። ስለዚህ የድርጅትሽ ራዕይ እዚያ በር ላይ «ቀይ ያልሆነ እሸት ሚዛን ላይ አይወጣም» ማለት ነው። መፈልፈያው ጋ «ዛሬ የገባ ዛሬ ይፈለፈላል» ነው። የተፈለፈለው ቡና የሚብላላበት ገንዳ ጋ ሌሊት የሚያድረው ሰው ሰዓቱን ካሳለፈ ቡናው ይሸታል፤ የአንድ ገንዳ ሽታ የብዙ ገበሬ ድካም ይበላል። እሱ ጋ ራዕዩ ሰዓት ነው። አልጋው ጋ ያሉት ሴቶች ቀትር ላይ ይሸፍናሉ፣ ደመና ሲመጣ ይሸፍናሉ፣ ያገላብጣሉ፣ እንከን ያለውን ይለቅማሉ። እርጥበቱ ከመቶ 10 እስከ 12 እስኪደርስ ድረስ የቡናሽ ዕጣ በእነሱ እጅ ነው። ከሁሉም በላይ የቡናውን ፍሬ አንድ በአንድ የሚያዩት እነሱ ናቸው። ከሁሉም ያነሰ የሚነገራቸውም እነሱ ናቸው። ይህ በሄድኩበት ሁሉ ያየሁት ነው፣ ሁልጊዜም ያሳዝነኛል።

የመጋዘን ሠራተኛሽ ያለውን አስቢ። እሱ ከቆመበት ቦታ የሚታየው ጆንያ ሲጫንና መኪና ሲሄድ ነው። «ቡና መላክ» ማለቱ ልክ ነው። እሱ ጋ ራዕዩ ምን እንደሚመስል የነገረው ሰው የለም። ቡና ሽታ ይስባል። ናፍጣ ወይም ኬሚካል አጠገቡ ካደረ ጽዋው ውስጥ ይወጣል። የአንዱ ቀን ቡና ከሌላው ቀን ከተደባለቀ ገዢው የቀመሰው ናሙናና የተላከለት ቡና ይለያያል፤ በሚቀጥለው ዓመት አይመጣም። እንግዲህ ይህን ንገሪውና ከወር በኋላ ጠይቂው። «ራዕያችን ምንድን ነው?» አትበይው። «እዚህ መጋዘን ውስጥ ፈጽሞ መሆን የሌለበት ነገር ምንድን ነው?» በይው።

አሁን ደግሞ ከባዱን ልንገርሽ። እሸት ተቀባይሽ በምን ነው የሚመሰገነው? አብዛኛው ጣቢያ ላይ ተቀባይ የሚመዘነው ባስገባው ኪሎ ነው። ብዙ ካስገባ ጎበዝ ይባላል፣ ጉርሻም ያገኛል። እንዲህ ከሆነ ባነርሽ «ጥራት» ይላል፤ ኪሱ «ኪሎ» ይላል። ማንም ሰው ቢሆን ኪሱን ነው የሚያምነው፤ ልጆች አሉታ። አባትሽ «ሠራተኛ ደመወዙን ነው የሚያየው» ሲሉ የተሳሳቱት ግማሹን ነው። ሠራተኛ ደመወዙን የሚያየው ስግብግብ ስለሆነ ብቻ አይደለም። አለቃው የእውነት የሚፈልገው ምን እንደሆነ ከሁሉም በተሻለ የሚነግረው የደመወዝ አከፋፈሉ ስለሆነ ነው። አከፋፈሉን ሳታስተካክዪ ሁለተኛ ስብሰባ እንዳትጠሪ። ካስተካከልሽ ግን ስብሰባ ላያስፈልግሽም ይችላል፤ ወሬው ራሱ በአንድ ቀን ይዞራል።

ሌላም ፈተና ይመጣል። ቡና ሲደርስ ፉክክሩ ይጦፋል። ጎረቤት ጣቢያ አረንጓዴውንም ቀዩንም ይገዛል። ያንቺ ተቀባይ ግማሽ ከረጢት መልሶ ገበሬው ተቆጥቶ ሲሄድ ስልክ ይደወልልሻል። «ምን ላድርግ?» ይልሻል። ሠራተኛው ሁሉ ያን ስልክ እያዳመጠ ነው። «በቃ የዛሬን ተቀበል» ካልሽው የሐዋሳው 40 ደቂቃ ያኔ ተሰረዘ። «መልሰው፣ ጉዳቱን እኔ እችላለሁ» ካልሽው ደግሞ ራዕይሽ ማታውኑ በየቤቱ ይወራል። ስለዚህ ከወቅቱ በፊት ቁጭ ብለሽ አስቢ። ጥራት ብለሽ ስንት ፈረሱላ ማጣት ትችያለሽ? ባንኩስ ይታገስሻል? ቁጥሩን ለራስሽ ወስኚ፤ ለተቀባይሽም ንገሪው። ያልወሰንሽውን ነገር በሰው ፊት አትናገሪ።

የገበሬውም ነገር አለ። ቀይ ብቻ ልቀም ስትይው ሁለትና ሦስት ጊዜ ወደ ማሳው እንዲመለስ እየጠየቅሽው ነው። ያ ጉልበት ነው፣ የልጆቹም ጊዜ ነው። ዋጋው ላይ ልዩነት ካላየ የሚሰማሽ አይኖርም፤ ልክም ነው። ቡናው በጥሩ ዋጋ ሲሸጥ የሚመለስለት ነገር ካለ አሁኑኑ ተናገሪ፣ ቀኑንም ጨምሪ። ከሌለም ትልቅ ቃል አትግቢ።

ስለ ቋንቋ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፓወርፖይንቱ በምን ቋንቋ ነበር? ሳልገምት አልቀርም። አልጋው ላይ ከሚሠሩት ሴቶች ብዙዎቹ የሚያወሩት፣ የሚስቁት፣ ልጅ የሚቆጡት በሲዳምኛ ነው። አማርኛውን ይሰሙት ይሆናል። ነገር ግን ልብ ውስጥ የሚገባ ነገር በአፍ መፍቻ ቋንቋ ሲሆን ሌላ ነው። ባነሩን ወደ ሲዳምኛ አስተርጉሚ ማለቴ አይደለም፤ ያ ሌላ ባነር ነው የሚሆነው። ከእነሱ መካከል የሚከበሩትን ሁለት ሦስት ሴቶች ጥሪ። ቡና ይፈላ። ነገሩን ንገሪያቸው፣ ይጠይቁሽ፣ ይከራከሩሽ። ከዚያ በራሳቸው ቃል፣ በራሳቸው ተረት ለሌሎቹ ይንገሩ። አንቺ ዝም ብለሽ ተቀመጪ።

ይህ አገራችን ውስጥ በትልቁ ተሞክሮ ያየነው ነገር ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ሲጀመር የመንግሥት ግብ የእናቶችንና የሕፃናትን ሞት መቀነስ ነበር። «የሕፃናት ሞት መቀነስ» ለአንዲት ገጠር ላለች እናት ምን ማለት ነው? ፕሮግራሙ ግቡን በ16 ፓኬጆች ዘረዘረው። መጸዳጃ ጉድጓድ መቆፈር፣ እጅ መታጠብ፣ ልጅ ማስከተብ፣ አጎበር መጠቀም። ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ሠራተኞች ተመደቡ፤ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ ከዚያው አካባቢ የተመለመሉ፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑ ሴቶች ናቸው። ቋንቋውን ያውቃሉ፤ የየቤቱንም ችግር ያውቃሉ። በተባበሩት መንግሥታት ግምት በኢትዮጵያ በ1990 እ.ኤ.አ. ከ1,000 ሕፃናት 204ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. ወደ 68 ወርዷል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ክትባቱም፣ መንገዱም፣ ምግቡም አለበት። ግን እናትየው ደጃፍ ላይ የደረሰው ግቡ አልነበረም። «ጉድጓዱን እዚህ ጋ እንቆፍረው» የሚል የጎረቤት ልጅ ነው የደረሰው።

አሁን «ገብቶናል» ወዳሉሽ ልመለስ። ይህን ቃል እንደ መልስ አትቁጠሪው። እኛ ዘንድ ይሉኝታ አለ። አለቃ፣ ያውም የባለቤቱ ልጅ፣ ደክማ አስረድታ «ገባችሁ?» ስትል «አልገባንም» የሚል ሰው የለም። ነውር ይመስለዋል። አንቺን ማሳፈር ይሆንበታል።

ይህን የተማርኩት በገዛ ሥራዬ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የዕቅድ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ሚዛናዊ የውጤት ተኮር ሥርዓት የሚባለው የዕቅድና የሥራ ምዘና ዘዴ የገባበት ጊዜ ነው። ራዕዩን ከላይ እስከ ታች ካስኬድ አድርጉ፣ ማለትም ለየክፍሉና ለየሠራተኛው አውርዱ ተባልን፤ አደረግን። እያንዳንዱ ሠራተኛ ራዕዩን በቃሉ እንዲይዝ አዘዝኩ። በግምገማ ቀን ስጠይቅ ሁሉም እንደ ዳዊት ደገመልኝ። በጣም ደስ አለኝ፣ ሪፖርትም ጻፍኩ። ሳምንት ሳይሞላ ኮሪደር ላይ አንዲት እናት ግድግዳ ተደግፈው ቁጭ ብለው አገኘሁ። ለአራተኛ ቀን ነበር የሚመጡት። ፋይላቸውን የሚፈልግላቸው ሰው አጥተው ነው። የተቀመጡት «ቀልጣፋ አገልግሎት» ከሚለው ባነር ሥር ነበር። ፋይሉን መፈለግ የነበረበት ልጅ ከሦስት ቀን በፊት ራዕዩን አንድ ቃል ሳይስት የደገመልኝ ነው። ልጁ ክፉ አልነበረም። ያ ባነርና የእሱ መዝገብ ቤት ምን እንደሚያገናኛቸው እንደማያውቅ ነገረኝ። የነገረው ሰው አልነበረማ። የእኚያ እናት ፊት እስከ ዛሬ አለቀቀኝም።

ከዚያ ወዲህ «ገባችሁ?» ብዬ አልጠይቅም። ይልቅ «ነገ አዲስ ሠራተኛ ቢመጣ ሥራህን እንዴት ታስረዳዋለህ?» እላለሁ። «ከዚህ በፊት ታደርገው የነበረ፣ ከአሁን በኋላ ግን የማታደርገው ምንድን ነው?» እላለሁ። መልሱ በራሱ ቃል፣ ከራሱ ሥራ ምሳሌ ጋር ከመጣ ገብቶታል። ያንቺኑ ዓረፍተ ነገር መልሶ ከደገመልሽ ግን አልገባውም፤ እንደገና ጀምሪ። አጥፍቶ ቢመልስልሽ አትቆጪው። አንዴ ከተቆጣሽ ከዚያ በኋላ የምትሰሚው ደጋግሞ «ገብቶናል» ብቻ ነው።

አባትሽን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በቤተሰብ ድርጅት ውስጥ ከየትኛውም ስብሰባ በላይ የሚሰማው የመሥራቹ ፊት ነው። 18 ዓመት የመሩት እሳቸው ናቸው። ሠራተኛው አንቺን እያዳመጠ የሚያየው እሳቸውን ነው። ጣቢያው ላይ ብቅ ብለው «ዘንድሮ ስንት ኪሎ ገባ?» ካሉ ጉዳዩ አለቀ። ስለዚህ የመጀመሪያው ስብሰባሽ ቤት ውስጥ፣ ከእሳቸው ጋር ነው። ለማሳመን አትቸኩዪ። መጀመሪያ ጠይቂያቸው። ሥራውን ሲጀምሩ ምን ብለው ነበር? ያፈሩበት ቡና አለ? የኮሩበትስ? ከዚያ ታሪክ ውስጥ ያንቺን ራዕይ ሥር የሚሰጠው ነገር ታገኛለሽ ብዬ አስባለሁ። ከተገኘ እሳቸው ራሳቸው ለሠራተኛው ይናገሩት። አምስት ደቂቃ ይበቃል። «እኔ የጀመርኩትን እሷ እዚህ ልታደርሰው ነው» ቢሉ ከአንቺ አንድ ሰዓት ንግግር ይበልጣል። ባይስማሙሽም ከሠራተኛው በፊት ማወቁ ይሻልሻል።

ካቦዎችሽንም እንዲሁ። ከሠራተኛው ጋር እኩል አዳራሽ ውስጥ መስማት አልነበረባቸውም። ቀድመሽ ለብቻ አነጋግሪያቸው፤ «ይህ አይሠራም» የሚሉበት ጊዜም ስጫቸው። በየቀኑ ጥያቄ የሚመጣው ወደ እነሱ ነው። ያላመኑበትን ነገር በትከሻቸው ንቅናቄ ብቻ ሊያፈርሱት ይችላሉ።

ከሁሉም በላይ ግን የምለምንሽ አንድ ነገር አለ። ቡናውን አስቀምሻቸው። ሠራተኞችሽ ስንት ዓመት አጥበውት፣ አድርቀውት፣ ተሸክመውት፣ በጥንቃቄ የተሠራውንና የተበላሸውን ጎን ለጎን ቀምሰው አያውቁ ይሆናል። የጥራት ባለሙያሽ ሁለት ዓይነት ያዘጋጅ፤ አንዱ ከቀይ እሸት፣ አንዱ አረንጓዴ የተቀላቀለበት። በየተራ፣ አሥር አሥር ሆነው ይቅመሱ። ቡና አፍልቶ ያደገ ሰው ልዩነቱን ለመለየት ሥልጠና አያስፈልገውም። ፊታቸውን እያየሽ «ያቺኛዋ አረንጓዴ ፍሬ ይህን ነው የምታደርገው» በያቸው። ገዢ ደብዳቤ ከጻፈልሽ፣ ቢያመሰግንም ቢያማርርም፣ አልጋው ጋ ሄደሽ አንብቢላቸው። እስካሁን ቡናው ከበር ከወጣ በኋላ የት እንደደረሰ የነገራቸው አለ? የሥራቸውን መጨረሻ ይዩት። «ማየት» የሚለውን ቃል እንግዲህ ለእነሱ ስጪው።

ባነሩን አታውርጂው፣ ወጪው ወጥቷል። አዲስ ግን አታሠሪ። አዳራሽም አትከራዪ። የምትናገሪውን በሰፊ ጉባኤ በዓመት አንድ ጊዜ ከምትይው፣ በትንሽ በትንሹ በየሳምንቱ በይው። ጠዋት ሥራ ሲጀመር ሁለት ደቂቃ፣ ቡና ሲፈላ አንድ ጥያቄ፣ ደመወዝ ሲከፈል አንድ ምስጋና ከነምክንያቱ። «ጎበዝ» ብቻ አትበያት። «ትናንት ዝናቡ ሳይመጣ ሸፍነሽ ስላዳንሽው» በያት። ይሰለቸኛል ብለሽ አትፍሪ። አንቺን ሊሰለችሽ ሲጀምር ነው እነሱ ገና መስማት የሚጀምሩት።

ቀይ እሸት ሊደርስ የቀረው ጊዜ ብዙ አይደለም። ከዚያ በፊት ሁሉንም ልሥራ አትበዪ። ከአባትሽ ጋር ተነጋገሪ፤ ከዚያ እሸት ተቀባዩን ጥሪው። የሚከፈልበትን መንገድ አብራችሁ አስተካክሉ። ከዚያ በር ላይ አብረሽው አንድ ሙሉ ቀን ቁሚ፤ ሲመልስም ሲቀበልም እዪ። ማታ ላይ «ዛሬ ምን ከበደህ?» ብለሽ ጠይቂው። መልሱን ጻፊልኝ፤ ከዚያው እንቀጥላለን።